«እሺ በያቸው» ያልኳት እኔ ነኝ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የጫማና የቦርሳ ዲዛይን የሚማር ልጅ «ትብብር ስልጠና» የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሚያውቀው በእግሩ ነው። ከኮሌጁ የተጻፈለትን ደብዳቤ በላስቲክ ከትቶ ከፋብሪካ በር ፋብሪካ በር ሲዞር ይውላል። አንዱ በር ላይ ጥበቃው «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለዋል። ሌላው ጋ «ለዚህ ዓመት ሞልተናል» ይባላል። ደንቡ ሰልጣኙ ከጊዜው 70 ከመቶውን በተግባር፣ 30 ከመቶውን በንድፈ ሐሳብ እንዲያሳልፍ ይላል። በር የተከፈተለትም ቢሆን ያንን 70 ከመቶ ክር ሲቆርጥና ማስቲሽ ሲቀባ ይጨርሰዋል። ክር መቁረጥ ነውር የለበትም፤ ግን አንድ ልጅ የሠራው ቦርሳ ማን ዘንድ፣ በስንት፣ በምን ውል እንደሚሸጥ ከዚያ አይማርም።

እኔ የእነዚህ ልጆች አስተማሪና የኢንዱስትሪ ትስስር አስተባባሪ ነበርኩ። ኮሌጁን፣ አብሮን የሠራውን ፋብሪካ፣ ገንዘቡን የሰጠውን ድርጅት በስም አልጠራም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ሰፈራችን ከውጭ ዓለም ጋር ለመሥራት አዲስ አይደለም። የህንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አቃቂ ላይ በሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲተክል፣ የህንድ ባለሀብቶች ከአገራቸው ውጭ ካቋቋሟቸው የጋራ ኩባንያዎች የመጀመሪያው ተብሎ በምጣኔ ሀብት ጽሑፎች ተመዝግቧል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በኋላ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም በዚሁ ክፍለ ከተማ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ከሁለት የህንድ ተቋማት ጋር ተጣመረ፤ አንደኛው ቼናይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ነው፤ ሁለተኛው በጫማ ዲዛይን ላይ የሚሠራው የኖይዳው ተቋም ነው። የህንድ ባለሙያዎች መጡ፤ የእኛም ሰዎች ሄደው ተማሩ። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ዱከም ላይ የቻይናው ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ ሥራ ሊጀምር ሲል 86 ኢትዮጵያውያንን ቻይና ልኮ አሰልጥኗል። እነዚህ ሁሉ የሰለጠኑት ማምረትን ነው። ገዢ ፊት ቆሞ መደራደርን የሚያስተምር ግን በአካባቢያችን አላየሁም ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት «ተማሪዎቻችሁን ከፋብሪካ ጋር አጣምራችሁ ወደ ውጭ የንግድ ትርኢት ውሰዷቸው፤ ወጪው የእኛ ነው» ሲል እጄን ያነሳሁት ሳላቅማማ ነበር።

አበልም ነበረው። ይህን ካልተናገርኩ ኑዛዜው ጎዶሎ ይሆናል።

ጊዜውም የሚያጣድፍ ነበር። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከቆዳ ዘርፍ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የወጪ ንግድ ገቢ ይጠብቅ ነበር፤ ዕቅዱ ሲያልቅ የተገኘው ግን 130 ሚሊዮን ገደማ ነው። እኔ በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የሚጠየቀው «ስንት ትዕዛዝ አመጣችሁ?» ነበር። ልጆቹ ምን ተማሩ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከክፍሉ አራት ልጆች መረጥን። ፋብሪካው ሁለት የስፌት መኪናና ዕድሜውን በሙያው የጨረሰ አንድ ቆራጭ ሰጠን። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከአራቱ መካከል አንዷ የሠራችው የትከሻ ቦርሳ ገና በወረቀት ላይ እያለ ልቤን ሰረቀው። ፊት ለፊቱ አንድ ወጥ ገጽ ነው፤ ስፌት የለው፣ ኪስ የለው፣ ጌጥ የለው። ውበቱ ያለው ሌጦው ላይ ነው። የደጋ በጋችን ሌጦ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ለጓንት ብለው ከሩቅ አገር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ልጅቱ ይህን ገብቷት ሌጦው ራሱ እንዲናገር ፈቀደችለት።

ጋሼ ሥዕሉን አገላብጠው አዩትና ጣታቸውን መሃሉ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ብትከፍዪው ምናለበት?»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ሌጦ ይገኝልሻላ። እንዲህ ወጥ ሆኖ ንጹሕ የሚወጣ ከየት ይመጣል?»

ነገሩ ላልገባው ላስረዳ። በግ ቆዳው ላይ ቅማልና መዥገር መሰል ተባይ ሲሰፍርበት እከክ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። በጉ በሕይወት እያለ፣ ሌጦውም ጥሬ እያለ፣ ጉዳቱ አይታይም። ፀጉሩ ተነቅሎ፣ ሌጦው ለፍቶ ቀለም ሲገባ ግን ነጠብጣቡ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። በዚያ ላይ የሽቦ አጥር የጫረው፣ የአራጅ ቢላ የወጋው አለ። ስለዚህ ሌጦ በደረጃ ይለያል፤ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ከክምሩ ውስጥ ጥቂት ነው። ቦርሳው መሃሉ ላይ ስፌት ካለው፣ ቆራጩ ጉድለቱን እየዘለለ ትንንሽ ንጹሕ ቦታዎችን ያገኛል። ወጥ ገጽ ከሆነ ግን ሌጦው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ መሆን አለበት። ጋሼ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር የዲዛይን፣ የዋጋና የአቅርቦት ትምህርት ባንድ ላይ ነበር። እኔ ግን ልጅቱ መልስ ሳትሰጥ «ውበቱ ይጠፋል» ብዬ ዘጋሁት። በተማሪዬ ፊት፣ ሙያውን ከእኔ በላይ በሚያውቅ ሰው ላይ።

ጋሼ አልተከራከሩም። መጋዘን ገብተው ከክምሩ ሲመርጡ ዋሉና ለሁለት ናሙና አራት ሌጦ ይዘው ወጡ። ሲያስረክቡን ግን «ይህ ለናሙና ነው። ለብዙ የሚሆን እንዲህ ያለ ሌጦ መጋዘኑ ውስጥ የለም» አሉ። ሁለታችንም ሰማን።

ትርኢቱ በጥር 2010 መጨረሻ ቼናይ ላይ ነበር። ከመሄዳችን ሦስት ወር ገደማ አስቀድሞ፣ በጥቅምት፣ ብር በ15 ከመቶ ቀንሶ ነበር። ዶላር ከ23 ብር ከሳንቲም ተነስቶ ወደ 27 ተጠጋ። የዋጋ ሠንጠረዡን ከልጆቹ ጋር የሠራሁት እኔ ነኝ። ብሩ በመውረዱ ቦርሳችን በዶላር ሲታሰብ ረከሰ፤ ተወዳዳሪ ሆንን ብለን ተደሰትን። ዚፑ፣ ዘለበቱ፣ ገበሩ፣ ማስቲሹ ሳይቀር በዶላር የሚገባ መሆኑን አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁም። ሠንጠረዡ ላይ ግን የገባው ፋብሪካው ከወራት በፊት የገዛበት ዋጋ ነበር። አዲሱን ዋጋ ጠይቄ ባስገባው ቦርሳው እንደሚወደድ ስለጠረጠርኩ አልጠየቅሁም። ሳይጠይቁ መቅረትን ለራሴ «ጊዜ አልነበረም» እያልኩ ነበር የማስበው። ጊዜማ ነበረ።

ቼናይን ብዙ አልተርክም። ሙቀቱና አዳራሹ ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነበሩ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንድ የአውሮፓ ሱቅ ገዢ የልጅቱን ቦርሳ ደጋግመው ያዩት ጀመር። ሴትዮዋ ትሁት ናቸው፤ ችኩል ግን አይደሉም። ወደ ብርሃን አቅርበው ገጹን አዩ፤ ዚፑን ከፈቱ፣ ዘጉ፤ ውስጡን ገልብጠው የገበሩን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። ቀጥለው ጥያቄያቸውን ጀመሩ። 300 ቦርሳ፣ በሁለት ቀለም፣ በ60 ቀን፣ ሁሉም ልክ እንደ ናሙናው። ይቻላል?

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ «ቲቸር፣ ጋሼ ያሉት ነገርስ?» አለችኝ።

ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። ለአንድ ቦርሳ ሁለት ሌጦ ከሄደ ለ300 ቦርሳ 600 ሌጦ ነው፤ ያውም ጋሼ ቀኑን ሙሉ ፈልገው አራት ካወጡለት ዓይነት። ዚፑና ዘለበቱ ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ መተማመኛ ሰነድ፣ ተከፍቶ መምጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ኤልሲ ለማስከፈት አስመጪው ወራት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው አልነበርኩም። ከጎናችን የፕሮጀክቱ ባልደረባ ካሜራውን ደግኖ ቆሟል። ከፊታችን የሌላ አገር ልጆች ትዕዛዝ ተቀብለው ሲጨባበጡ አይተናል። ባዶ እጄን ተመልሼ ያ ስብሰባ ውስጥ መቀመጥ ታየኝ።

«እሺ በያቸው» አልኳት። «አገር ቤት ስንደርስ እናስተካክለዋለን።»

አለቻቸው። የራሷን ስምና ኢሜይል ያለበትን ካርድ ሰጠቻቸው። ካርዱን ያሳተምኩላት እኔ ነበርኩ፤ ልጆቹ እንደ ነጋዴ እንዲሰማቸው ብዬ።

የካቲት ላይ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስነግራቸው የመለሱልኝ በጥያቄ ነው፤ «ማንን ጠይቃችሁ ነው ቀን የቆረጣችሁት?» ሰውዬው አልተቆጡም። መጋዘኑን አስከፍተው የሚሆነውን ሁሉ አስመረጡ። ከ40 ቦርሳ በላይ የሚወጣው አልተገኘም። ዚፑን ከአገር ውስጥ ገበያ እንፈልግ ብለን መርካቶ ወጣን፤ የናሙናው ዓይነት ጠፋ። መሃሉ ላይ ስፌት እናስገባ ብለን ለገዢዋ ብንጽፍ ይፈቅዱ ይሆናል ብላ ልጅቱ ራሷ ሐሳብ አመጣች። ጋሼ ገና በወረቀት ላይ ያሉት ያው ስፌት ነው። «አሁን ይህን ብንጠይቅ ከመጀመሪያው እንዳላወቅን ይቆጠርብናል» ብዬ ከለከልኳት። አለማወቃችን እንዳይታወቅ ብዬ የቀረውን አንድ መንገድ ዘጋሁት። አሁን ሳስበው ሴትዮዋ ሊፈቅዱ ይችሉ ነበር፤ ቦርሳውን እንዴት እንዳዩት አይቻለሁና።

የገዢዋ መልእክቶች የሚመጡት ለልጅቱ ነበር። ናሙናው ለምን ዘገየ? የመጀመሪያው ጭነት መቼ ነው? እያነበበች ቢሮዬ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ «ትንሽ ጠብቂ» እላታለሁ። ሲጨንቃት ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ቀኑ ሲያልፍ ደብዳቤውን እኔ አስጻፍኳት። «ከአቅማችን በላይ በሆነ የቴክኒክ ምክንያት» የሚል ነው። ከሥሩ የሷ ስም ነበር። የእኔን ስም እንዳስገባ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላልኩም። ከገዢዋ የመጣው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር፤ ከእንግዲህ እንደማይጽፉላት የሚገልጽ።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው ብል ሰው ይታገሰኝ ይሆናል። የተማሪ ፕሮጀክት ነው፣ የምንዛሪው ጊዜ ክፉ ነበር፣ ማንም ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ግን ስሕተት ብዬ ልጠራው አልችልም።

ሪፖርት ጻፍኩ። «የ300 ቦርሳ ትዕዛዝ ተገኝቷል፤ አፈጻጸሙ በሂደት ላይ ነው» አልኩ። ሪፖርቱን ስጽፍ የልጅቱ ደብዳቤ ከተላከ ሳምንታት አልፈው ነበር። ከጽሑፉ ጋር ፎቶዋ ወጣ፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የምትስቅበት። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ለተማሪዎች የማስተምር ሰው፣ ላሟን በመንግሥት ወረቀት ላይ አስመዘገብኩ። ያ ሪፖርት ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ማስጠየቂያ ሆነ። ሌሎች ኮሌጆችም «እንዴት ሠራችሁት?» ብለው ወስደውታል። 60 ቀን የሚለው ቁጥር እንደ ተሞከረ ነገር በሌሎች ዕቅዶች ውስጥ ሲዞር ባይኔ አይቼ ዝም ብያለሁ።

ልጅቱ ተመርቃ ቦርሳ አልሠራችም። ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ያለ የትራንዚተር ቢሮ ተቀጠረች። እንጀራ ነው፤ ክፉ አይደለም። ግን አንድ ሰው ስሙ ባለበት ካርድ ላይ የመጀመሪያውን ቃሉን እንዲያጥፍ አድርጌ ሳበቃ፣ በዚያ ሙያ ይቀጥላል ብዬ መጠበቅ አልችልም ነበር። ምናልባት ያለ እኔም ትተወው ይሆናል። ይህን «ምናልባት» ለዓመታት ተደግፌበታለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ደጋግሜ የማስባት አንዲት ሰው አለች፤ ሂሮኮ ሳሜጂማ። ጃፓናዊት ዲዛይነር ነች። በበጎ ፈቃድ ሠራተኛነት ኢትዮጵያ መጥታ የሠራችው ገና ከ20 ዓመት በፊት ነው። «አንዱ ዓመት» የሚለውን የቦርሳ ኩባንያዋን ያቋቋመችው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በመሃሉ ያሉትን ዓመታት ሳስብ የእኔ 60 ቀን ያሳፍረኛል። እሷ ኩባንያዋን ከማቋቋሟ በፊት ዓመታት ጠብቃለች። ተማሪዬ እንደዚያ መጠበቅ ትችል ነበር፤ ጊዜውን ያልሰጠኋት እኔ ነኝ።

ልጆቹን ወደ ውጭ መውሰዱ ስሕተት ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ አላምንበትምም። ቼናይ ላይ ሴትዮዋ ቦርሳውን ሲገለብጡት ልጅቱ ያየችው ነገር ክፍል ውስጥ በአንድ ዓመት የማይገኝ ነው። ገዢ ጌጡን ሳይሆን የውስጡን ስፌት ቀድሞ እንደሚያይ ገባት። «50 ልንሠራ እንችላለን፤ ለ300ው ከፋብሪካው ጋር ተነጋግረን በሳምንት እንመልስልዎ» ማለት ይቻል ነበር። ሴትዮዋም የሚያውቁት ቋንቋ ነው፤ በየቀኑ የሚሰሙት ነው። ጉዞው ይህን ሊያስተምራት ሲገባ፣ እኔ ያስተማርኳት ካሜራ ፊት እሺ ማለትን ነው። ወጪው ግን ለዚያም ለዚህም ያው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ስለ ብርና ዶላር ሳይወራ የሚውል የመምህራን ክፍል አልነበረም። አንድ ባልደረባዬ «ያኔ ይህ ቢሆን የእናንተ ትዕዛዝ ይሳካ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ሌጦውን ግን ምንዛሪ አያነጻውም። የዚያን ቀን ነው ለልጅቱ ልደውል የወሰንኩት፤ የደወልኩት ግን ከዚያ በጣም ቆይቼ ነው።

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሼ ያሉትን እንደሰማሁ፣ ሠንጠረዡን ሆን ብዬ እንዳላስተካከልኩ፣ ደብዳቤው ላይ ስሜ መኖር እንደነበረበት፣ ሪፖርቱን እንደዋሸሁ። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ቲቸር፣ ያኔም እኮ እንደሚያውቁ አውቅ ነበር» አለች። «አብረን ነው የሰማናቸው።»

ይቅርታ አድርጌልዎታለሁም አላለች፤ አላደረግሁምም አላለች። ስለ ሪፖርቱ ግን አታውቅም ነበር። ፎቶዋ የት የት እንደወጣ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። እንዲወርድ እንደምትፈልግ በማያሻማ ቃል ተናገረች። ቀጥላ «ጋሼንስ አነጋገሯቸው?» አለችኝ። አላነጋገርኳቸውም ነበር። በእኔ ሐሳብ ውስጥ ጋሼ ምስክር እንጂ የተበደሉ ሰው አልነበሩም። እሷ ናት ያሳየችኝ፤ የሙያ ቃላቸውን በተማሪዎች ፊት የጣልኩባቸው፣ ከዚያም ሌጦ አላገኙም ተብሎ በፋብሪካው ውስጥ ሲወራባቸው አፌን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጡረታ ወጥተዋል፤ አቃቂ በሰቃ አካባቢ ነው ቤታቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ቦርሳው ብዙም አላስታወሱም፤ ወይም እንዳላስታወሱ ሆኑልኝ። ቡና እስኪፈላ ያወሩኝ ስለ በዓል ሌጦ ነው። ድሮ ለበዓል በግ ሲታረድ የሌጦ ገዢው በየበሩ ይጣራ ነበር፤ አሁን ዋጋው ወድቆ ሰው ሌጦውን ሜዳ ላይ እየጣለው ነው። «እኔ አንድ ንጹሕ ሌጦ ፍለጋ ስንት ክምር አገላብጬ!» አሉ። ስነሳ ግን በሩ ድረስ ሸኝተውኝ «መምህር፣ ልጆቹን መጀመሪያ መጋዘን አስገባቸው። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ክፍል የሚጀምረው መጋዘን ውስጥ ነው። ልጆቹ ሌጦ ሳይመርጡ እርሳስ አያነሱም፤ ዋጋ የሚሠሩትም ከፋብሪካው የግዢ ክፍል የዕለቱን ዋጋ ጠይቀው ነው።

ለኮሌጁና ገንዘቡን ለሰጠው ድርጅት የእርማት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ፎቶውም እንዲነሳ ጠይቄያለሁ። ከአንደኛው መልስ አግኝቻለሁ። ሪፖርቱን ወስዳችሁ ዕቅድ የሠራችሁበት መምህራን ግን ደብዳቤው አይደርሳችሁም፤ ስለዚህ እዚህ ልድገመው። የ300 ቦርሳ ትዕዛዝ አልተፈጸመም፤ አንድም ቦርሳ አልተላከም። 60 ቀን የሚለውን ፋብሪካው አላለውም፤ ገዢዋ ጠየቁ፣ እኔ ተቀበልኩ። የዋጋው ሠንጠረዥ የብር ቅነሳውን በአንድ ወገን ብቻ ያሰላ ነው፤ ከእሱ ምንም አትቅዱ። ተማሪዋ ጥያቄውን በጊዜው ጠይቃ ነበር።